መጋዘን ስለተቀመጡት አራት ቀበቶዎች

ለክቡር አቶ እንዳልካቸው
የመንገድ መብራት ዝርጋታ ሥራ ኃላፊ
መካነ ሰላም

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ደህና ነው? ስለ ወገብ አስቀድሜ መጠየቄ፣ ወገብ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ቤታችን ሰሞኑን ስለተማረ ነው። ወንድሜ አሕመዲን፣ ሰው ወደ ላይ ከሚያነሳው መኪናዎ ቅርጫት ወድቆ ከተኛ ይኸው አርባ ቀኑ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ አለች። እኔ የመጋዘንዎ ንብረት ያዥ ፊርደውስ ነኝ። እርስዎን በጽሑፍ ሳላመሰግን ብቀር ሐራም ይሆንብኛል።

1ኛ፦ ስለ ደህንነት ቀበቶዎቹ አመሰግናለሁ። አራቱም እስከ ዛሬ ከነላስቲካቸው አሉ። እንዳይቆሽሹ በማሰብ፣ ጎብኚ እንግዳ ካልመጣ ለማንም እንዳይወጡ በፊርማዎና በማኅተምዎ ያዘዙበት ደብዳቤ በእጄ ነው። ጎብኚዎች ከደሴ የመጡ ዕለት አሕመዲን ታጥቆ ከጎንዎ ፎቶ ተነሥቷል፤ እንግዶቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ደግሞ ፈትቼ ወደ ላስቲኩ መልሼዋለሁ። በገዛ እጄ! ይህችን እስክሞት አልረሳትም።

2ኛ፦ ስለ ድንጋዩም አመሰግናለሁ። ዝናቡ ዋልካውን አርሶት የመኪናው እግር እየሰመጠ መሆኑን ሾፌሩ ገብረ ኢየሱስ ሦስት ጊዜ ቢነግርዎ፣ ከሥሩ ድንጋይ ደርድሮ እንዲቀጥል፣ ከፈራም ወረኢሉ ወርዶ በግ እንዲነግድ መከሩት። ድንጋዩ ተደረደረ፣ ተንሸራተተም። መኪናው ዘመም ሲል ቅርጫቱ ወንድሜን ከሦስት ፎቅ ከፍታ ወረወረው። ቀበቶ ቢኖረው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

3ኛ፦ ከሁሉም በላይ ስለ ሪፖርትዎ። አደጋው የደረሰው ሠራተኛው ቀበቶ እንዲታጠቅ ታዝዞ እምቢ በማለቱ ነው ብለው ጽፈዋል። ወይ ጉድ! ወገቡ እንኳ ይድን ይሆናል ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ያቺ መስመር እያለች ግን አቀስታም ሆነ ደጎሎ ከተማ የሚቀጥረው የለም። እናቴ ሳትቀር አምናዎታለች፤ መድኃኒቱን እያዋጠችው፣ ልጄ ምነው እምቢ አልክ እያለች ስታለቅስ ሰምቻለሁ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መራገም አልወድም። ዱዓ ግን አደርጋለሁ፣ ስምዎን ጠርቼ፣ እንዳይሳሳት የሥራ መደብዎንም ጨምሬ።

ትእዛዝዎን ቃል በቃል በመፈጸም የማትታማው፣ በዚያም ወንድሟን ያለ ቀበቶ ወደ ሰማይ የሸኘችው ታዛዥዎ፣
ፊርደውስ ሙሐመድአሚን

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ቅዳሜ በምረቃው ላይ ራስዎ ቅርጫቱ ውስጥ ቆመው የመጀመሪያውን መብራት እንደሚያበሩ፣ ከፍታውንም ለመልመድ ዓርብ ጠዋት እንደሚወጡ ሰማሁ፤ ማሻ አላህ። ለዓርቡ ቀበቶ እንድልክልዎ የጻፉት ማስታወሻም ደርሶኛል። ምን ላድርግ፣ ዓርብ ጎብኚ የለም፤ ትእዛዝዎ ደግሞ ትእዛዝ ነው። ሪፖርቱ ታርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በራስዎ አንደበት እናቴ ፊት ከተነበበ ግን ቀበቶውን እኔው ራሴ መጥቼ አስታጥቅዎታለሁ። ይህ ከከበደዎም እንዲሁ ይውጡ፤ ድንጋዮቹ እንደሆኑ እዚያው አሉ።