በጎን የተሳሉት ቀሚሶች

ለክቡር አዛዥ ወልደአረጋይ
የእመቤታችን የወይዘሮ ወርቅአገኘሁ ግቢ አዛዥ
አንኮበር

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ሉቃስ

ጉዳዩ፦ ሥዕሌ ተኮንኖ ሳለ ቀሚሱ እየተሰፋ ስለሆነ፣ ከነገው መሐላ እንዲያነሡኝ ስለ መለመን

ጌታዬ፣ ጤናዎን እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃም ይቆማል ይባላልና፣ እርስዎም ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ ለአፍታ እንዲቆሙልኝ በሕግ አምላክ እላለሁ።

፩. እኔ የጎረቤላው ሠዓሊ የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ቀለም እየበጠበጥሁላቸው አደግሁ። ማንበብና መጻፍም ከእሳቸው ነው የተማርሁት። ያን ጊዜ «ፊደል ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ይሉ የነበሩ ጎረቤቶቻችን ይህን አቤቱታ ቢያዩ ምን እንደሚያደርግ ባወቁ ነበር።

፪. አምና በግቢው ስፌት ቤት ብዙ ሐር ያለ አግባብ ተቆርጦ ባከነ። ስለዚህ ዘንድሮ እመቤታችን፣ ጥልፍ የምንማረው ስድስት ሴቶች መቀስ ከማንሣታችን በፊት ያሰብነውን ቀሚስ በብራና ቁራጭ ላይ ስለን እንድናሳይ አዘዙ። ከቀረበውም ለጥምቀት የሚለብሱትን ሊመርጡ ነበር። «እኔ ለብሼው ሳለሁ እንዴት እንደምሆን አሳዩኝ» ነበር ቃላቸው። አምስቱ ባልደረቦቼ አንድ አንድ ሳሉ። እኔ ግን ልቤ አልጠግብ ብሎ ስድስት ሳልሁ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

፫. ሦስቱ ፊት ለፊት የተሳሉ ናቸው፤ ማንም ነቀፋ አላገኘባቸውም። ነገር ግን የቀሚስ ውበቱ ከኋላው ነው። ከመቀነት በታች የሚወርደው ሽንሽን ከፊት በኩል አይታይም። ስለዚህ ሁለቱን በጎን፣ አንዱን ከጀርባ ሳልሁ። ባዶ ቀሚስ ለፀሐይ የተሰጣ ልብስ ይመስላልና ራስ ጨመርሁበት። «እኔ ለብሼው ሳለሁ» ስላሉም የእመቤታችንን የአንገት ንቅሳት አደረግሁበት። ከጎኑ የታየ ሰው ደግሞ፣ ጌታዬ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ያደረገው እግዚአብሔር ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

፬. በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእና ሰይጣን በአንድ ዓይን እንደሚሳል አጥቼው አይደለም። አባቴ የይሁዳን ዓይን ሲስሉ ቀለሙን ያቀበልሁ እኔ ነኝ። ግን ይህ ሥርዓት ለቀሚስም ይሠራል ብዬ አላሰብሁም። የስፌት ቤቱ አለቃ እሜቴ በሰለች ግን አሰቡ። በጎን የተሳለችውን ይዘው እመቤታችን ዘንድ ገቡና «ይችን ይዩልኝ፣ ከይሁዳ ጋር አስተካከለችዎ» አሉ። እመቤታችን አዘኑ። ማዘናቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ስስላቸው እንዴት አምረውልኝ እንደ ነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

፭. ከዚያ ሦስት ሽማግሎች ተሰየሙና ሦስት ቀን ተከራከሩ። በጎን የተሳሉት ሁለቱ ወዲያው ተፈረደባቸው። ከጀርባ የተሳለችው ግን ፈተና ሆነች። አባ ገብረመንፈስቅዱስ «ጭራሽ ዓይን የላትምና ከሰይጣንም ትብሳለች» ሲሉ፣ አባ ወልደተንሣኤ «የለም፣ ሁለቱም በወዲያ በኩል አሉ፤ ጻድቅ ናት» አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ነገሩን ለማጣራት ብራናውን ገልብጠው ከኋላው አዩ። ዓይኖቹን እዚያም አላገኟቸውም። በዚህ ምክንያት ስድስቱም ሥዕሎች ሣጥን ገብተው ተቆለፈባቸው። እኔም ነገ ዓርብ በደጀ ሰላም ቆሜ ዳግመኛ ሰውም ልብስም ላልስል እንድምል፣ እምቢ ካልሁ ከስፌት ቤት እንድወጣ ተፈረደ። እስከዚያ እንደ አገሩ ወግ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ማለት እሜቴ በሰለችና እኔ፣ ከጧት እስከ ማታ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረን እንድንውል ታዘዘ።

፮. ጌታዬ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ነጠላችን አንድ ስለሆነ እሳቸው ከዋሉበት እውላለሁ፤ እሳቸው የሚውሉት ደግሞ ስፌት ቤት ነው። ዘጠኝ ቀን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ቁልፉ በእጃቸው ነውና ጧት ጧት ሣጥኑን ይከፍታሉ። የተኮነነችዋን፣ ያችኑ ባለ አንድ ዓይኗን አውጥተው መስኮቱ አጠገብ ይሰቅላሉ። እሷን እያዩ የእመቤታችንን የጥምቀት ቀሚስ ይሰፋሉ። ሲመሽ መልሰው ይቆልፉባታል። ትናንት የኋላው ሽንሽን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንቺ ወለተሐና፣ ይህ ስንት እጥፍ ነው?» አሉኝ። አሥራ አራት አልኋቸው። ምን ላድርግ፣ ሥራው ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። ይህን ስጽፍም ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ ማንበብ ስለማይችሉ ዳዊት ገልብጬ የምጽፍ መስሏቸው «በርቺ፣ ለነፍስሽ ነው» ይሉኛል።

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሥዕሉ የሰይጣን ከሆነ እመቤታችን የሰይጣን ቀሚስ ለብሰው ታቦት ሊያጅቡ ነው። ቀሚሱ ለታቦት የሚበቃ ከሆነ ደግሞ እኔ ስለ ምን እምላለሁ?

፯. ስለዚህ ከነገው መሐላ እንዲያነሡኝ እለምናለሁ። ሥዕሎቹ ባይመለሱልኝ ይቅር። እሜቴ በሰለችም ቀሚሱን ከራሴ አወጣሁት ቢሉ ይበሉ። መሐላውን ግን አልችልም። እልህ አይደለም፣ ጌታዬ። ከተከለከልሁ ወዲህ እንኳ ነጠላዬ እንደ ተቋጠረ፣ ከስፌት ቤቱ አቧራ ላይ በእግሬ አውራ ጣት አራት ቀሚስ ስያለሁ። ነገ ብምል እስከ ማታ ሳልቆይ በሐሰት የማልሁ እሆናለሁ። መሐላው የማይቀር ከሆነ አልምልም፤ ከስፌት ቤት እወጣለሁ። እያለቀስሁም ቢሆን እወጣለሁ።

ከወጣሁ ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። የጥምቀት ዕለት እመቤታችን ሲወጡ ከኋላ ከሚከተሉት ሴቶች መካከል ልሁን። እኔ የሳልሁት ቀሚስ ሰው ለብሶት ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

እጅ በመንሣት፣ ከሰላምታ ጋር

ወለተሐና ኃይለ ገብርኤል
(በገዛ እጄ የጻፍሁት)