በእርሳስ የተጻፈችው ምንጭ

ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሚኒያፖሊስ
ዛሬ ጠዋት ሱቅ የገባ፦ ወንበር ስድስት፣ የጠረጴዛ መብራት ሦስት፣ የግድግዳ ካርታ አንድ።

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ፊሊፕስ ሰፈር ያለው ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቄም ደኅና ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ዳራርቱ እንደ ወትሮው ደብዳቤዬን ስታነብልሽ በሩን ዝጉ።

ዛሬ አንድ የግድግዳ ካርታ አመጣሁ፤ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከሚባል የከተማው ዳር ሰፈር፣ ከሞቱ አንድ ጃፓናዊ አስተማሪ ቤት ነው። ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። እዚህም እዚያም በእርሳስ ስለተጻፈበት፣ ዋጋ ላስቀንስ ብዬ ሴት ልጃቸውን ተበላሽቷል አልኳት። ሳቀችብኝ። "አባቴ፣ የተበላሸው የታተመው ነው ይል ነበር" አለችኝ። ጃፓኖች እንግሊዝን "ኢጊሪሱ" የሚሉት ከፖርቱጋሎች፣ ጀርመንን "ዶይትሱ" የሚሉት ከሆላንዶች ሰምተው ነው አሉ። ይህ ለሽማግሌው አይዋጥላቸውም ነበር፤ የአገር ስም ከራሱ ከአገሩ ሰው አፍ መሰማት አለበት ባይ ናቸው። ስለዚህ ክፍል የሚከራያቸውን ሁሉ፣ የተወለድክበትን ቦታ ቤተሰብህ ማን ይለዋል እያሉ፣ የሰሙትን ከነቀኑ ይጽፉ ነበር።

እስቲ የኛን አገር አንብቢልኝ አልኳት፣ ለጨዋታ ያህል። ጣቷን ወደ ወለጋ አስጠግታ ቀስ ብላ "ቡሩካ ዳማ" አለች።

እናቴ፣ ቡርቃ ዳማ በየትም ካርታ የለችም። የጓሯችንን ምንጭ በጥጃችን ስም የጠራት ወንድሜ ለሜሳ ነው፤ ከአራታችን በቀር እንዲያ ያላት ሰው የለም። አባቴ ሞቷል። እኔና አንቺ እዚያ ሽማግሌ ቤት አድረን አናውቅም።

ቀኑን አስነበብኳት። ለሜሳን ባሕር በላው ተብሎ ለቅሶ ከተቀመጥን አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ማን ነገራቸው ብላት፣ ስሙን አታውቅም። የምንጯን ስም ጻፉ፣ የኔን ተዉት ብሏቸው ነበር አሉ። እዚሁ አጠገባችን ብሉሚንግተን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥብ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ካርታው ፊት ይቆማል፤ ሽማግሌው ቢያናግሩት አይዞርም።

ያ ቤት ከሱቄ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።

ካርታውን አልሰቀልኩትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጬዋለሁ። ደንበኛ እያናገርኩ ሳለ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

ተስፋ አልሰጥሽም፤ የሰማሁትን ብቻ ጻፍኩ። ግን ከአባቴ መቃብር ጎን ሊቆም የታዘዘውን ድንጋይ፣ ጠራቢው የለሜሳን ስም ገና ካልቀረጸ ቆይ በዪው። ቀርጾም ከሆነ አይቁም። ደብዳቤውን እሑድ ወደ አገር ቤት የሚበረው ሙሊሳ ይዞልሽ ይመጣል።

እግዜር ዓይንሽን ያቆይልሽ፤ ያዩትን ለማመንም ብርታቱን ይስጥሽ።

ልጅሽ

ነገ፦ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ብሉሚንግተን፤ የሽማግሌው ልጅ የነገረችኝ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ፣ የጠዋት ሺፍት ሲገባ።