ጉርዱን መዝግቦ ሰውየውን ለረሳው ጣቢያ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ፤
ባሉበት፣ ማለትም ሁለተኛ ፎቅ፣ ከወፍራሙ መጋረጃ ጀርባ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለወገብዎ፣ ለደም ግፊትዎና ከጠዋት እስከ ማታ ሳያጉረመርም ለሚሸከምዎት ወንበር ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከጣቢያው በር ሁለት መቶ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ በፀጉር ቤቱና በጫማ መሸጫው መካከል ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። እርምጃውን በትክክል የማውቀው ስለቆጠርኩት ነው፤ አምስት ጊዜ ሄጄ አምስት ጊዜ ባዶ እጄን ስመለስ ከመቁጠር ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው፤ ምስጋናው ግን ረጅም ስለሆነ እባክዎ ተደላድለው ይቀመጡ።

የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትሠራለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ስትሰፋ ማሽኑ ያፍራል። ከሰዓት በኋላ የልብስ ንድፍ ትማራለች። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ከሱቃችን ፊት ለፊት መቆም ጀመረ። ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ ጥቁር ጃንጥላውን ከእጁ ስለማይለይ ‘ባለጃንጥላው’ አልነው። መጀመሪያ ቆመ ብቻ፤ ቀጥሎ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተከተላት፤ ቀጥሎ አብሯት ተሳፈረ። አንድ ቀን ከኋላዋ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ‘የቤታችሁ በር አረንጓዴ ነው፣ አይደል?’ አላት። በራችን አረንጓዴ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ትምህርቷን ተወች፣ እህል አልወርድ አላት፣ የቁልፍ ቀዳዳው ሳይቀር ይንጋደድባት ጀመር። እኔም መቀሴን አስቀምጬ ወደ እናንተ መጣሁ። የገጠመኝን እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ፦ በመጀመሪያው ቀን ጉዳያችንን ለተረኛው መዝጋቢ በሹክሹክታ ጀመርንለት። ‘ጮክ በሉ እንጂ!’ አለን፤ ጮክ አልን። ወረፋ የሚጠብቁት አሥራ አንድ ሰዎችም በትጋት ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዱ ‘ወዷት ይሆናላ’ አለ፤ ሌላው ‘ታዲያ ለምን አታገባውም?’ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የራሳቸውን የጋብቻ ታሪክ ከሥሩ ጀምረው ተረኩልን። የእህቴ ልጅ አንገቷን ደፍታ የወለሉን ንጣፍ ትቆጥር ነበር። በመጨረሻ መዝጋቢው ‘መንገድ የሕዝብ ነው፤ ሰውየው ቢሄድበት ምን አጠፋ?’ ብሎ ሸኘን። ከእኛ ቀጥሎ የነበረው ሰው ብስክሌት ጠፍቶበት ነበር። የብስክሌቱ ቀለም፣ የመቀመጫው ቅዳጅ፣ የደወሉ ድምፅ ሳይቀር ተመዘገበ፤ ሰውየው ደወሉን በአፉ እያሰማ መዝጋቢው ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ብስክሌቱ ተገኘ፤ እንኳን ደስ ያለው። ለእህቴ ልጅ ደወል ያላስገጠምኩላት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው።

፪ኛ፦ በሁለተኛው ቀን መዝጋቢው ‘ለመሆኑ ምን ለብሳ ነበር?’ ሲል ጠየቀ። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስሰፋ ስለ ሥራዬ እንዲህ በጥልቀት የጠየቀኝ ባለሥልጣን አልነበረም። ጉርድ ቀሚሷን የሰፋሁት ራሴ ስለሆንኩ ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና፣ ከወገብ እስከ ጫፍ ሰማንያ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ባለ ገበር፣ ጫፉ ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ ከኋላው ስድስት ቁልፍ ያለው፣ ጨርቁም ቢታጠብ የማይሰበሰብ መሆኑን አስረዳሁት። አንዲት ሳያስቀር ጻፈ። ‘ስለ ሰውየውስ?’ ብዬ ብጠይቀው ‘ገጹ ሞላ’ አለኝ። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ ስለ ባለጃንጥላው አንድ ቃል የለም፤ ጉርዱ ግን ድንገት ቢሸፍት በግማሽ ቀን ይያዛል።

፫ኛ፦ በሦስተኛው ቀን ‘የሴቶች ጉዳይ ክፍል’ የሚል ያማረ ሰሌዳ አይቼ ልቤ ሞቀ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ሴቶችን በቅልጥፍና ስለማገልገል የሦስት ሳምንት ሥልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። በመስኮቱ አጮልቄ ባይ ዘጠኝ አሮጌ ጎማዎችና ሁለት እግረ ሰባራ ወንበሮች በሰላም ተቀምጠዋል፤ ማንም አይተናኮላቸውም። የክፍሉ ሳጅን የት እንዳለች ስጠይቅ በጣት አሳዩኝ፤ ትሪ ይዛ ወደ ስብሰባችሁ ሻይ ታደርስ ነበር። ስብሰባው የሴት ፖሊሶችን ተሳትፎ ስለማሳደግ ነበር አሉ።

፬ኛ፦ ይህኛውን ስጽፍ ሳቄ ትንሽ ይቆማል፤ ይቅርታዎን። ሰውየው ክንዷን ጨምድዶ ወደ አንድ ቅያስ ሊጎትታት ሲል የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ ሴትዮ ጮኻ አስጣለቻት። አራቱ ጣቶቹ ክንዷ ላይ ጠቁረው ቀሩ። ያንን ይዘን ስንመጣ ‘ይሄማ ቀላል ነው፤ ከባድ ጉዳት ሲደርስባት ኑ’ ተባልን። ስንመለስ እርምጃ አልቆጠርኩም። የእህቴ ልጅ መንገድ ላይ ‘አክስቴ፣ ከባድ ከደረሰብኝማ ብቻሽን ነው የምትመጪው’ አለችኝ። እርስዎ መልሱ ካለዎት በጽሑፍ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

፭ኛ፦ ይህኛው ግን ቅሬታ አይደለም። በአምስተኛው ቀን መዝጋቢው ሰለቸሁት መሰል ‘እንግዲህ ይዘሽው ነያ!’ አለኝ። ፖሊስ ያዘዘውን መፈጸም የዜጋ ግዴታ ነውና ይዤው መጣሁ።

አመጣጣችን እንዲህ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለጃንጥላው እንደ ወትሮው ቆሟል። ወጣሁና ማር በሚያስንቅ ድምፅ ‘ጋሼ፣ ቁመናዎ ከአንድ ደንበኛዬ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ኮቱን ቢለኩልኝ?’ አልኩት። ቁመናው ሲነሳ ደረቱ ተነፋ። ገባ፤ ጃንጥላውን ጥግ አስደገፈ፤ በርጩማው ላይ ወጣ። ያላለቀ ከባድ ካፖርት አለበስኩት፤ እጅጌዎቹን ከነክንዱ ከጎኑ ጋር በድርብ ክር ሰፋኋቸው፤ ከአንገት እስከ ጉልበቱም አርባ ሦስት ስፒል ሰካሁበት። እሱ መስታወት ውስጥ ራሱን እያደነቀ ‘ትከሻው ትንሽ አልሰፋም?’ ይለኛል። ‘ኧረ ልክዎ ነው! ብቻ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ይወጋዎታል’ አልኩት። ተንቀሳቀሰ፤ ወጋው።

ያኔ ፀጉር ሠሪዋ በግራ፣ ጫማ ነጋዴዋ በቀኝ እንደ ክቡር እንግዳ ደገፉት። የፀጉር ቤቱ ደንበኞችም መጠቅለያቸው ራሳቸው ላይ እንዳለ፣ ግማሾቹ ሳሙናው እየተንጠባጠበ፣ ተከተሉን። ባለጃንጥላው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው በቀስታ እየረገጠ፣ በየአሥር እርምጃው ‘ኧረ በሕግ!’ እያለ ሄደ፤ እኛም የምንወስደው ወደዚያው ወደ ሕጉ ነበር። ከሁላችን ፊት የእህቴ ልጅ የሰውየውን ጃንጥላ ዘርግታ ትመራ ነበር። እሱ ሁልጊዜም ከኋላዋ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዞር ብላ ፊቱን አየችውና ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እኔ ደግሞ በሳቅ ላይ ሳቅ ስጨምር ከጣቢያው ደረጃ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ጣቢያ ስንደርስ የአገልግሎታችሁ ፍጥነት አስደነቀኝ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ለባለጃንጥላው ወንበር ቀረበለት፣ መቀመጥ ባይችልም፤ ውሃ ቀረበለት፣ የሚይዝበት እጅ ባይኖረውም፤ በአዲስ ገጽ ላይም ‘ነጻነቱን ተነፍጓል’ ተብሎ አቤቱታው ተጻፈለት። ምን እንደለበሰ ማንም አልጠየቀውም፤ ጥያቄው የምር ተገቢ የሆነበት ብቸኛ ቀን ግን ያ ነበር። እርስዎም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፎቅ ወርደው ‘ይህችን ሴትዮ እሰሯት!’ ሲሉ ድምፅዎን የመስማት ዕድል ገጠመኝ።

በዚህ መካከል ሳጅኗ ትሪዋን ይዛ ገባች። ሰውየውንና ጥቁር ጃንጥላውን አየች፤ ትሪውን በመዝጋቢው ወረቀት ላይ ቁጭ አደረገችና ‘ይሄ ያ ባለጃንጥላ አይደል እንዴ!’ አለች። ሄዳ ከሻይ ዕቃው ቁም ሳጥን፣ ከስኳሩ ጀርባ፣ በእጇ የጻፈቻቸውን የሦስት ሴቶች አቤቱታ አመጣች። አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ የጽዳት ሠራተኛ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሦስቱም እንደኛ ተሸኝተው ሲወጡ ደረጃው ሥር አስቁማ ቃላቸውን የተቀበለች እሷ ናት፤ ሁለት ጊዜ ለእርስዎ አቅርባ ሁለቱንም ጊዜ ‘ሻዩ ቀዘቀዘ’ ተብላ ተመልሳለች። ያን ቀን ግን ማንንም ሳትጠይቅ የእህቴን ልጅ እጅ ይዛ ሻይ ክፍሉ አስገባቻት፤ በሩን ዘጋችና ‘ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ጊዜ አለን’ አለቻት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ልጅቷ ስትወጣ ዐይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዋ ግን ቀለል ብሎታል። ‘አክስቴ፣ ሁሉንም ጻፈችው’ አለችኝ፤ እኔ የመዝጋቢውን የውሃ ብርጭቆ አንስቼ ጠጣሁ፤ እንባዬን እንዳያይብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ያውቁታል። አራቱ ሴቶችና ቲኬት ቆራጯ መሰከሩ፤ ባለጃንጥላው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተፈረደበት። ሰውን ከነልብሱ በመስፋቴ ዳኛዋ እኔንም ገሠጹኝ፤ ተግሣጹን እጅ ነሥቼ ተቀብያለሁ፤ ስፌቱ ጠንካራ መሆኑን ግን እሳቸውም አልካዱም። የእህቴ ልጅ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። አሁንም መንገድ ላይ አንዳንዴ ዞር ዞር ትላለች፤ ይህን ፍርሃት የሚያነሣላት ችሎት የለም፤ ቀስ እያለ ይተዋት ይሆናል።

ባለፈው ሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ‘ጣቢያችን ባደረገው ጥብቅ ክትትል ሴቶችን ሲያስጨንቅ የነበረ ግለሰብ በቁጥጥር ሥር ውሏል’ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ክትትል ያደረገ ሰው ቢኖር ግለሰቡ ራሱ ብቻ ነው፤ ጥብቁ ደግሞ ስፌቱ ነበር። እንዲታረም አልጠይቅም፤ ብዙ ሰው አንብቦ እየሳቀ ነው፤ ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው።

የምለምንዎት ግን ከባድ ነገር አይደለም። ጎማዎቹ ወደ ጋራዥ ይሂዱ፤ ቁልፉ ለሳጅኗ ይሰጥ፤ ሻይ ያማረው ሰው ተነሥቶ ራሱ ይቅዳ፤ ከእንግዲህ የምትመጣ ሴትም በር ተዘግቶላት ትናገር፣ ገጹም በአሳዳጇ እንጂ በጉርዷ አይሙላ። ይህ ሁሉ በአንድ ረፋድ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ጉልበት ካነሰ የፀጉር ቤቱ ደንበኞች ጎማ ለማንከባለል ፈቃደኞች ናቸው።

ትእዛዝዎን ቃል በቃል በመፈጸም የምትታወቀው፣ ለሥልጣንዎ ዘወትር የምታጎነብሰው (ወገቤ በሥራ የለመደው ነው)፣

የሰፈርዎ ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ አንዲት ወይዘሮ ቀሚስ ሊያስጠብቡ ገቡ። ሴት ልጃቸውን አንድ ሰው ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እየተከተላት መሆኑን በለሆሳስ ነግረውኝ፣ አቤት የሚባልበት ሌላ ጣቢያ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ‘ለምን ለባለቤትዎ አይነግሯቸውም?’ ብላቸው፣ ለእርስዎ የጻፍኩትን ደብዳቤ እያዩ ‘ነገርኩት እኮ፤ “ምን አድርጋው ነው?” አለኝ። እባክሽ ደብዳቤሽ ላይ ጻፊልኝ፤ ከእኔ ይልቅ ወረቀት ያምናል’ አሉኝ። እነሆ ጽፌያለሁ። ክቡር ሆይ፣ ሳጅኗ ነገ ረፋድ ላይ ባለቤትዎንና ልጅዎን ትቀበላቸዋለች። አባትየውም መምጣት ይችላሉ፤ የሚቆሙት ግን ከበሩ ውጭ ነው።