አባቴ ከቆርቆሮው በር ኋላ ስለጠሯቸው ስሞች

ለተከበሩ አቶ ሙላቴ ደረጄ፣
የሠፈራችን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የጉና ብርድ በማይደፍረው ወፍራም ጋቢዎ ውስጥ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በደኅና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ሥራዎ እንደማይፈቅድልዎ ስለማውቅ፣ እርስዎን ላለማድከም ራሴ እነግርዎታለሁ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

ደብዳቤዬን በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። እርስዎም ባለፈው ግንቦት ለእኔ የጻፉትን ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ ያነበብኩት እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከሕዝብ ጋር ስለሆነ፣ ደንቡ እንዲህ መስሎኝ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አባቴ አቶ ጥላዬ ገሰሰ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ እድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነሥተው፣ ወደ ጋፋት ከሚወስደው መንገድ እስከ ገበያው እየዞሩ ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ዓይናቸው ሲደክም እድሩ የድምፅ ማጉያ ገዛና ጥሩምባውን ተረከባቸው። ስላሳረፋችኋቸው እናመሰግናለን። ጥሩምባውን ለመቀበል የመጡት ሰዎች ቸኩለው ስለነበር ቁጭ አላሉም።

ከአራት ዓመት በፊት አባቴ መርሳት ጀመሩ። የበሉትን ይረሳሉ፣ የቤቱን በር ይረሳሉ፣ እኔንም ይረሳሉ። ማስተማሬን ትቼ ቤት ዋልኩ። ሴት ልጅ አባቷን ስታጥብ ሁለቱም የሚያፍሩት እፍረት አለ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑና እንደ ሕፃን «እናቴ፣ ውሃው በረደኝ» ይሉኝ ነበር። ሳደርቃቸው ደግሞ እጄን ስመው ይመርቁኛል። ማንን እንደሚመርቁ ባያውቁትም ምርቃቱን ተቀብያለሁ። የማይረሱት አንድ ነገር ነበር፤ የሞተ ሰው ስም።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሥርዓት እንደሚወድ አውቃለሁ።

፩ኛ፣ አባቴ በየማለዳው ምርኩዛቸውን ይዘው እየወጡ፣ መዳፋቸውን እንደ ጥሩምባ አፋቸው ላይ ገጥመው፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞቱትን መጥራት ሲጀምሩ ሠፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ መስኮቱን ዘጋ። በእድሩ መተዳደሪያ ደንብ «የታመመ አባል ይጠየቃል» የሚል አንቀጽ አለ፤ ውብ አንቀጽ ነው፣ የጻፈውን እጅ ይባርከው። በአራት ዓመት ውስጥ የጠየቁን ጎረቤታችን እትዬ የሺ ብቻ ናቸው። አባቴ ስም በጠሩ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ ሟቹ ያን ዕለት የሞተ ይመስል አብረዋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና «ደግ ሰው ነበር፣ ነፍስ ይማር» ይሏቸዋል። ያኔ የአባቴ ልብ ያርፍና ወደ ቤት እንመለሳለን።

፪ኛ፣ ባለፈው ሚያዝያ አባቴ በሕይወት ያለ ሰው ጠሩ። «ውባንተ በላይነህ አርፏል» ሲሉ አቶ ውባንተ በራፋቸው ላይ ቆመው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። እኔ ይቅርታ ልጠይቃቸው ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ሳቁና «አያ ጥላዬ፣ ቀብሬ በስንት ሰዓት ነው?» አሏቸው። አባቴም «በስድስት ሰዓት» ብለው መለሱ። በአሥራ አንደኛው ቀን አቶ ውባንተ ሞቱ። የደም ግፊታቸው የቆየ እንደነበር፣ መድኃኒቱንም እንደተዉት ባለቤታቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ቀብሩ በስድስት ሰዓት መሆኑን የሚያነሣ ካለ፣ የእድራችን ቀብር ሁሉ ከጥንትም በስድስት ሰዓት እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም አልዋሽዎትም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ሳጥብ ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ፣ የማን ስም እንደሚወጣ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጥ ነበር።

፫ኛ፣ ማስጠንቀቂያዎ መጣ፤ ማኅተሙም በጣም የሚያምር ነበር። አባቴ «ከማንኛውም የሞት ጥሪ እንዲታቀቡ»፣ አለዚያ ከአባልነት እንደምንሰረዝና እድሩም እንደማይቀብረን ይገልጻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያስቀበሩ ሽማግሌ ቀባሪ እንዳያጡ ሰግቼ የግቢውን የቆርቆሮ በር ቆለፍኩ። ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ የቆለፍኩት ግን እኔ ነኝ። ቁልፉንም በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

አባቴ አልተቆጡም። በየማለዳው በሩ ሥር ቆመው፣ መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አሳርፈው፣ በሹክሹክታ ይጠሩ ጀመር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ስሞቹን በደብተር ጻፍኩ። በገብስ አጨዳ የሞተ ሰው ነበር፤ ቀባሪዎቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ከእርሻ መጥተው ነው የቀበሩት። በኩፍኝ ዓመት የሞተች፣ ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን ነበረች፤ ጥሩምባ አይነፋላትም ስለተባለ፣ አባቴ ያኔ በእግራቸው ከቤት ቤት እየሄዱ «የጽጌ ልጅ» እያሉ ነግረውላታል። አባቴን ያወቅኋቸው በዚያ አንድ ወር ነው።

የእናቴ ስም ግን በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። እናቴ እመቤት ተስፋነህ የሞተችው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሲሆን፣ አባቴ ያን ዕለት ሐዘንተኛ ስለነበሩ ጥሩምባውን የነፋው ሌላ ሰው ነው። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማለዳ በሩ ሲደበደብ ሰምቼ ሮጥኩ። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

«አፈር ስሆን ክፈችልኝ» አሉኝ። «እመቤትን ማንም አልጠራላትም። ሰው ሳይሰማ ልትቀበር ነው።»

ማኅተምዎ ትዝ አለኝ። «ነገ፣ አባዬ» አልኳቸው። በማግሥቱም ለመኑኝ፤ በማግሥቱም ነገ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ከአልጋቸው አልተነሡም። በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ አረፉ።

ለቀብራቸው ስላደረጉት ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ። አራት ዓመት በራችንን ያላንኳኳ ሠፈር ሦስት ቀን ሙሉ ከቤታችን አልጠፋም። እርስዎም ስለ አባቴ አገልግሎት ሲናገሩ ድምፅዎ በሐዘን ተቆራርጧል፤ ደግነቱ የድምፅ ማጉያው በደንብ አሰማን።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቆርቆሮው ላይ መዳፍ ሲያርፍ እሰማለሁ። እከፍታለሁ፤ ማንም የለም። ስለዚህ የአርባቸው ማግሥት እኔው ወጣሁ። ድምፄ እንደ አባቴ አይደለም፣ ቢሆንም ከመንገዱ እስከ ገበያው ዞሬ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ እመቤት ተስፋነህ፣ የጥላዬ ሚስት፣ የፍቅርተ እናት፣ አርፋለች» አልኩ። መስኮቶች ተዘጉ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ እጄን ይዘው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡኝና ጉሙ እስኪገፈፍ ስለ እናቴ አወሩልኝ። ሳቋ ከወንዝ ማዶ ይሰማ እንደነበር እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም። የእርስዎ መጋረጃ ሲነቃነቅም አይቻለሁ፤ ስላዳመጡን እናመሰግናለን።

መዳፉ በማግሥቱም መጣ። አሁን ግን አልነሣም፤ በሩ ሳይቆለፍ ያድራል።

ትእዛዝዎን በመፈጸም አባቷን የቆለፈች፣ በመጣስም እናቷን የጠራች፣ ከአባልነት የምትሰረዝበትን ቀን በታላቅ አክብሮት የምትጠብቅ፣

ፍቅርተ ጥላዬ

ሳልረሳው፦ ክብርት ባለቤትዎ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተው፣ አባቴ በመጨረሻው ሳምንት ከጠሯቸው ስሞች መካከል የእርስዎ ይኖር እንደሆነ በብዙ ጨዋነት ጠየቁኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ከቤትዎ የመጣ የመጀመሪያው እንግዳ ስለሆኑ ባዶ እጃቸውን መመለሴ አሳፍሮኛል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያዎ ማንኛውንም የሞት ጥሪ ስለሚከለክል፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድም ቃል መናገር አልችልም።