ራስ ስላጡት የመታወቂያ ፎቶዎች

ቁጥር፦ አሮን/01/2004
ቀን፦ የካቲት 15 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ
የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ማክሰኞ የጸጥታ ክፍልዎ ሰው መጥሪያ ከሰጠኝ ወዲህ በራችን ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር በጓሮ በኩል እወጣለሁ እንጂ ደህና ነኝ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቅረብ ተብያለሁ። እፊትዎ ብቻዬን ቆሜ ከማስረዳ ሕዝብ እያነበበ ቢያስረዳልኝ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ በረንዳዎ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፌአለሁ።

ጥፋቴ የተባለው መታወቂያ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ የለጠፍኳት ብጣሽ ወረቀት ናት። «ይህ ራስ የለውም። ራሱን ከውጭ ሰው አምጥቼ ቀጥያለሁ። ሾፌሩም ተቀይሯል» ትላለች። «ይህ» ያልኩት ካሜራውን ነበር። እርስዎ ግን «እኔ እያለሁ ቀበሌው እንዴት ራስ የለውም ይባላል» ብለው መቆጣትዎን ሰምቻለሁ፤ ለቀበሌያችን ያለዎትን ተቆርቋሪነት እያደነቅሁ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

አንደኛ፣ ለመታወቂያ ፎቶ ብለው ስላስገዙልን ካሜራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮምፒውተሩ በእርዳታ የመጣ፣ ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚታደል ሲስተም ያለበት ነው፤ ካሜራው ደግሞ የሚናገረው የብቻውን ቋንቋ ነው። ሌሎች ካሜራዎች ከፎቶው በፊት ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ የታጨቀውም በዚህ መንገድ ነው የሚል መግለጫ ያስቀድማሉ። ራስ የሚባለው እሱ ነው። የእርስዎ ካሜራ ግን ያለ ራስ ዝም ብሎ ያፈሰዋል። ኮምፒውተሩም ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ስለማያውቅ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት ጋሽ ካሱ ግንባራቸው ከአገጫቸው በታች ሆኖ፣ አረንጓዴ ተቀብተው ወጡ። የመታወቂያ ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ብርቅዬ «ጋሼ፣ እስቲ ቀጥ ይበሉ» እያሉ ሦስት ጊዜ አነሷቸው። ጋሽ ካሱ በዚያ መታወቂያ ባንክ ቢሄዱ፣ አዞ ከበላዎት በኋላ የተነሱት ነው ወይ ተብለው ተመለሱ። ኮምፒውተር እንደምነካካ የሚያውቁት ወይዘሮ ብርቅዬ የጠሩኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ሾፌር ያልኩት መኪና የሚነዳ አይደለም። ካሜራውንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ጽሑፍ ነው፤ አስተርጓሚ ይበሉት። የጸጥታ ክፍልዎ ሰዎች ወይዘሮ ብርቅዬን «ሾፌሩ ማን ቤት ነው ያረፈው» ብለው ስለመጠየቃቸው ትጋታቸውን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ የውጭ ሰው የተባለው እንዲህ ያሉ ሾፌሮችን ያለ ክፍያ የሚጽፍ፣ ስሙን እንኳ አጥርቼ መጥራት የማልችለው ሰው ነው። ሲቀላ ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ችግሬን ጻፍኩለት። ቀለሙ የታወቀ ነገር አንሳና ከካሜራው እንደወጣ ላክልኝ አለኝ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ ሙዝ አነሳሁ፤ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ላክሁለት። በአራተኛው ቀን የጎደለውን ራስ የሚቀጥል ሾፌር ሠርቶ ላከልኝ። ሙዙ ቢጫ ሆነ፤ ጋሽ ካሱም ተመልሰው ጋሽ ካሱን ሆኑ። እንግዲህ ከቀበሌያችን ወደ ውጭ የወጣው ምስጢር አንድ ሙዝ ነው። እሱንም በልቼዋለሁ።

አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ እናቴ አሰረዘችኝ።

በከንቱ እንዳልተጠረጠርኩ አውቃለሁ። አምና ለጫሞ አዞ «ሥራ፦ ዋናተኛ» የሚል መታወቂያ ሠርቼ በዚሁ ሰሌዳ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ አሁን እውነት ስናገር ሰው ሁሉ የሚሳቅበትን ቦታ ይጠብቃል። እናቴን እንኳ ፈርቻለሁ ስላት «ደሞ ጀመረህ» አለችኝ። ከዚያ መጥሪያውን አየችና ጀርባውን ጭምር አገላበጠችው። ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ሳቋርጥ እንኳ ካርዴን እንዲህ አላገላበጠችም።

ፈልጋ ያጣችው እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው። መጥሪያው በባዶ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የመሥሪያ ቤት ስም ያለበት ራስጌ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ የጠራኝም ሰው ስም የለም። ከካሜራዎ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ራስ የሌለው ነገር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንደማይታወቅ ነው። በእንዲህ ያለ ወረቀት የገባ ሰው ሳይወጣ ቢቀር እናቱ የማንን በር ታንኳኳለች? አልጠራነውም ቢሏትስ ምን ታሳያለች?

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥሪያውን ራስጌ ባለው ወረቀት፣ በቁጥርና በማኅተም ያድሱልኝ። እኔ ተራው ሰው እንኳ ለደብዳቤዬ ቁጥር አውጥቼለታለሁ። ያን ጊዜ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ። አሁን አልቀልድም።

የደጅዎን ደረጃ ገና ሳይረግጥ የሚንቀጠቀጠው፣
የቁጣዎ ረጅም ዕድሜ ሳይሆን የእርስዎ ረጅም ዕድሜ ተመኚ፣
አሮን ሀይሌ

ግልባጭ፦
ለእናቴ ለወይዘሮ አስቴር፣ እንድታስቀምጠው
ለጋሽ ካሱ፣ ሰኞ በሁለት ሰዓት በር ላይ እንዲቆሙልኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሾፌሩ ያለባትን ፍላሽ የጸጥታ ክፍልዎ ሰዎች ለማስረጃ ስለወሰዷት፣ ካሜራው ወደ ቀድሞ አመሉ ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት መታወቂያ ሊያሳድሱ ፎቶ ተነስተው ወይዘሮ ብርቅዬ አምስቴ ቢያነሱዎት ከአንገት በታች ብቻ መውጣትዎን ሰምቼ አዝኛለሁ። ራስ የለውም ያለው አሁን እኔ ሳልሆን ካሜራው ስለሆነ፣ ለሰኞ ለእሱም መጥሪያ ይጻፍለት፤ ራስጌ ያለው ከሆነ አብረን እንመጣለን።