የአባባ ዘመዶች

እሑድ፣ ኦገስት 11 ቀን 1996

ክሬም የተቀባ ኬክ ይዘው መጡ። በፍልሰታ! ሳሙኤልን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ፦ አባባ ጾም ላይ ነው፣ ባዶ እጃቸውን ይምጡ ብዬ። የጴንጤ ሽማግሌ ጾማችንን ከየት ያውቃል?

ሦስቱም የሳሙኤል ሽማግሌዎች ከለንደን በአውቶቡስ ሲንገላቱ መጥተው የአባባን ጠባብ ክፍል ሞሏት። አባባ ተቀመጡ ቢላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ እንደ ወጉ። እኔ ከኩሽናው በር ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ አበራ «ልጅዎን ለልጃችን ለሳሙኤል...» ብለው ሳይጨርሱ አባባ አቋረጣቸው።

«ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው?»

እውነቱን ነገሩት፦ የጴንጤ አዳራሽ ነው። በመጨረሻ «ዘመድ ላማክር። ሐሙስ ተመለሱ» አላቸው። ኬካቸውን ትተው ሄዱ።

የምን ዘመድ? እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ አገር እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ለንደን ሃክኒ፣ እሱ እዚህች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ሆቴል ኩሽና ውስጥ። ሳሙኤልን ያለ አባቴ ምርቃት አላገባህም ብዬዋለሁ። ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሰኞ

ሳምንቱን ከሥራ ሆሊደይ ወስጃለሁ። አባባ ከሥራ ሲወጣ «ነይ እንንሸራሸር» አለኝ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል። ፀሐይ ያቀላው ትከሻ፣ የልጆች ጩኸት፣ የተጠበሰ ድንች ሽታ። አንዷ የባሕር ወፍ ከሴትዮ እጅ ቺፕስ ነጥቃ በረረች። አባባን የማያውቀው የለም፤ በየሱቁ በር ሰላምታ ነው።

በባሕሩ ዳር ወንበር የሚያከራየው ፍራንክ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ንገሪው።»

«ምኑን?»

«የልጁን ነገር። የሚመልሰውን ደግሞ ለእኔ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። የአባባ እንግሊዝኛ ከሰላምታና ከኩሽና አያልፍም፤ የራሴን ጉዳይ ራሴ አስተረጎምኩ። ፍራንክ፣ ልጁ ይጠጣል ወይ፣ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይጠጣም፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል አልኩት። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለና አይስክሬም ገዝቶ ሰጠን። በወተት የተሠራ ነውና አባባ የራሱን ለእኔ አቀበለኝ። እኔም እየጾምኩ! ሁለቱም እጄ ላይ ቀለጡ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ዘመድ ማማከሩ ነው! ሳቅ መጣብኝ፤ እንባም እንደዚያው።

ማክሰኞ

ዛሬ ዓሣ ሻጩ ሬይ። አባባ ሳንባውን ታሞ የተኛ ጊዜ ሾርባ ያመላለሰለት እሱ ነው፤ ቃሉ ከማንም ይከብዳል።

ቢላዋውን አስቀምጦ ብዙ አወራ። ልጁ የሌላ እምነት ሰው አግብታ ቀስ በቀስ ራቀችው። መጀመሪያ እሑድ እሑድ መምጣት ተወች፣ ከዚያ ስልኩ ቀረ። እሱ ቢሆን እምቢ ይል እንደነበር ነገረኝ።

«ጥሩ አይደለም ይላል» አልኩ።

«ይሄን ሁሉ ተናግሮ ይችን ብቻ? ሙሉውን ንገሪኝ» አለ አባባ።

ሙሉውን ነገርኩት። ሬይን ጠላሁት፤ ደግሞ አሳዘነኝ። አባባ እስከ ቤት እየቀደመኝ ሄደ። ምሳም እራትም አልበላሁም። ለጾም ብዬ አይደለም።

ረቡዕ

ከስልክ ሳጥኑ ለሳሙኤል ደወልኩ።

«ምን አሉ?»

«እየተማከረ ነው።»

«ከማን?»

«ከዓሣ ሻጩ።»

ሳቀ። «አትሳቅ! እምቢ ብሏል!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ የአባባ አከራይ ሚስስ ሆል አበባዎቿን ስታጠጣ አገኘናት። አባባ «ንገሪያት» አለኝ። ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችው እኔን ነው፦ አባትሽ እምቢ ቢል ምን ታደርጊያለሽ?

«ምን አለች?» አለ አባባ። ተረጎምኩለት።

«እስቲ መልሺላት።»

የመለስኩት በአማርኛ ነው፣ ለእሱ። «አላገባም። ግን አባባ፣ ከዚያ በኋላ ካንተ ጋር እንደ ድሮው የምሆን አይመስለኝም።»

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ሚስስ ሆል አልገባትም፤ ግን ውሃ ማጠጣቷን አቆመች። አባባ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ውዳሴ ማርያም ሲደግም ይሰማኛል። ምን አናገረኝ?

ሐሙስ

ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቃቸው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌዎቹ ደረሱ።

«ዘመዶቼን አማከርኩ» አለ።

«አዲስ አበባ ደውለው?» አሉ ጋሽ አበራ።

«እዚሁ ናቸው። አንዱ ይሁን አለ። አንዱ አይሁን አለ። አንዷ ደግሞ ልጄን እንድሰማት አደረገችኝ።» «ይጋቡ። ግን የእናንተ አዳራሽ አልገባም።»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ደጅ እቆማለሁ» አለ አባባ። «አገሬም ሳለሁ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀደስኩት ደጅ ቆሜ ነው። ሲወጡ እዚያው እመርቃቸዋለሁ።»

ከዚያ ጋሽ አበራ «እንግዲያው እኛም በሩን ከፍተን ነው የምናጋባቸው» አሉ።

ሮጬ ገብቼ ጉልበቱን ሳምኩ። ራሴን ዳበሰኝ። «ዓሣ ሻጩን እንዳትቀየሚው» ብቻ አለኝ።

አልቅሼ ፊቴ አብጧል። ደስታዬ ልክ የለውም። ግን ሳሙኤል ሠርጉ ጃንዋሪ ይሁን፣ አዳራሹም ለዚያ ተይዟል ብሎኛል። በጃንዋሪ ብርድ አባቴን ደጅ አላቆምም። ነገ ደውዬ ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቀኝ ልለው ነው። እሺ ይበለኝ አይበለኝ እንጃ።