አምስተኛው ጅራት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አመጣኋት። እንትፍ። በገዛ እጄ አይጥ ይዤ ቤቴ ገባሁ። የቤተ ሙከራው የእንስሳት ክፍል ጣሪያ ሊጠገን ነው፤ ይቺን የዛፍ አይጥ የሚያጠኑት ዶክተር ደግሞ ለሳምንት ስብሰባ ተጠርተዋል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ልጅም ድመትም የሌለሽ አንቺ ነሽ ተባልኩ። ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ሁለት ዓመት ዛፍ ለዛፍ ተንከራተው በሕይወት ያገኟት እሷን ብቻ ነው። ስለ ዘሯ የተጻፈው ሁሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም ይላሉ። "አደራ፣ እሷ ከሞተች ሌላ የለኝም። ጅራቷን ብቻ እንዳትይዢ" አሉኝ። ማን ሊይዝልዎት!

ጅራቷ ከቁመቷ ይረዝማል። ቅርንጫፍ ላይ ስትወጣ ወዲያ ወዲህ እያለ ሚዛን ይጠብቅላታል። እሱን ሳይ ውርር ያደርገኛል። የሽቦ ሣጥኗን ከአልጋዬ በጣም አርቄ አስቀመጥኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ በጣም ማለት ያው ሦስት እርምጃ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወለደች። ይኼን አልነገሩኝም።

ሌሊቱን ሣር ሰነጣጥቃ ሣጥኗ ውስጥ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ድቡልቡል ጎጆ ሠርታለች። ጠዋት ሻዬን ይዤ ጎንበስ ስል ወጣች፤ ሆዷ ሥር ሦስት ፀጉር አልባ፣ ቀያይ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። ጡቷን ነክሰው አይለቁም። እሷ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ትሄዳለች፣ እነሱ ከኋላ ይጎተታሉ። ሻዩን ደፋሁት።

ዶክተሩ መመዝገቢያ ብለው የሰጡኝ ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ ልጆች ሦስት፣ እናት ስትወጣም ጡት አይለቁም። ይህን በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከሥራ በኋላ ለምግቧ የሾላ ፍሬ ፍለጋ ገርጂ ድረስ ሄድኩ። ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ ይዤ አውቶቡስ ስገባ አንዱ "እህቴ፣ ፍየሉን የት ጥለሽው መጣሽ?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ፍየል በሆነች!

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። ቀበሌ አዟል። አርብ ኅዳር ሲታጠን እያንዳንዱ ቤት አምስት የአይጥ ጅራት ያስረክባል፤ ያላሟላ ቤቱ ይፈተሻል። ከተፈተሸ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኙት እሷን ነው። እትዬ አስካለ ድመታቸው ከያዘቻቸው የተረፉ አራት ጅራቶች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "አምስተኛውን ከየትም ብለሽ አምጪ፣ ልጄ" አሉኝ። ጥቅሉ ለስላሳ ነበር። አንገሸገሸኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ማታ ያጠመድኩት ወጥመድ ባዶ ነው። ስጠላቸው በየጥጉ የሚሮጡት የቤት አይጦች ዛሬ ስፈልጋቸው አንዱም የለም።

መቀሱን አየሁ። ከዚያ ጅራቷን አየሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ አሰብኩት። እሷ ሾላዋን በሁለት እጇ ይዛ ትበላለች፣ ልጆቿ ሆዷ ሥር ይጠባሉ። ከእሷ ይልቅ የገዛ ራሴ ነገር ቀፈፈኝ። መቀሱን ወስጄ እትዬ አስካለ ጋ አስቀመጥኩት።

አርብ፣ ኅዳር 12

መንደሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። የጽዳት ኮሚቴው ጓድ ታደለ ጆንያውን ይዞ መጣ። ጅራቶቹን በጣቱ እያገላበጠ ቆጠረ። "አራት ናቸው፣ ጓዲት።" ገፋ አድርጎኝ ገባ። ሣጥኑን አየ።

"አይጥ ታረቢያለሽ?"

የመንግሥት ንብረት ናት፣ ለጥናት ነው፣ የዛፍ አይጥ ናት፣ ቤት አትገባም አልኩት። "አይጥ አይጥ ነው" አለና የሣጥኑን በር ከፍቶ እጁን ሰደደ። ጅራቷን ያዘ። ዘለለች። ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። እሷ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ናት፣ ከኋላዋ ቀይ አጥንት ብቻ፣ ሦስቱም ልጆች አልተላቀቁም።

ለካ ዶክተሩ የከለከሉኝ ለዚህ ነው።

ጓድ ታደለ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እጁ ላይ ያለውን አየው፣ ጆንያው ውስጥ ወረወረው፣ ጣቶቹን መጋረጃዬ ላይ ጠረገ። ከዚያ መዝገቡን አውጥቶ "አምስት። ተሟልቷል" አለና የቤት ቁጥሬ ላይ ምልክት አደረገ። ወጥቶ አጥሩ ሥር ሲያስመልስ ሰማሁት። እኔም ተከትዬው አስመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የደረቀውን የጅራቷን አጥንት ራሷ ቆርጥማ ጣለችው። ስትቆረጥም ሰማሁ። ቁርስ አልበላሁም። እሷም ሾላዋን አልነካችም። የዛፍ አይጥ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ ዋለች። ብትሞትስ? አደራውን ምን ብዬ እመልሳለሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጠዋት አንዱ ልጅ ከጡቷ ተላቆ ጥግ ላይ ወድቋል። ቀዝቅዟል። በጓንት ላነሳው ብል ተንሸራተተብኝ። ጓንቱን አወለቅኩ። በባዶ እጄ! መዳፌ ላይ አድርጌ ተነፈስኩበት፤ እንደ ትል ተገላበጠ። ሰውነቴን ሁሉ ሰቀጠጠኝ፣ ግን አልጣልኩትም። ሲሞቅ አጠገቧ አደረግኩት። አሸተተችው፣ ጡቷን ነከሰ። ትንሽ ቆይታ ቅርንጫፉን ያዘች። ተንሸራተተች። እንደገና ያዘች፤ ወጣች። ነገም ትወጣ እንደሆነ አላውቅም።

ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፦ ልጆች ሦስት፣ ጅራት የለም።

እጄን አራት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ሽታው አሁንም አለ። ነገ ዶክተሩ ይመጣሉ። ጅራቷስ ካሉኝ፣ ቀበሌ ተመዝግቧል እላቸዋለሁ።